አርባ ካባ የደረበው ዛፍ

ንጉሥ ደመ ወርቅ በቁራምባ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ በካባ በዓል ዕለት፣ የቀንዲላ ዛፍ ጥቁር እንባ አነባ። እንባው ዛፉ ከለበሳቸው ካባዎች ሥር ተንጠባጥቦ በንጉሡ ነጭ ምንጣፍ ላይ ተንዠቀዠቀ። መኳንንቱ «ተአምር ነው» ብለው ተንበረከኩ፤ አንዳንዶቹም ጣታቸውን ነክረው ግንባራቸውን ቀቡ። የሊቀ አትክልቱ የዘርጋው ልጅ ቀጸላ ብቻ አልተንበረከከችም። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ግንቡ ጥግ ሮጠችና አስታወከች።

ቀጸላ ከተወለደች ጀምሮ ጠረን አምልጧት አያውቅም። ሌላው ሰውን በስሙ ሲለየው እርሷ በጠረኑ ትለየዋለች። የግምጃ ቤቱ ሹም የከረመ ቅቤ ነው፤ የንጉሡ አጎት ያልተፋቀ ጥርስ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ በሞላ ሽቶ የተርከፈከፈበት እርጥብ ሱፍ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ቆሞ መዋል ለእርሷ ቅጣት ነበር። «ምነው ያለ አፍንጫ በፈጠረኝ» እያለች ታማርር ነበር።

አባቷ ዘርጋው ግን በዚያ አፍንጫ ይኖር ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በብርድ የሠራ ሰው ነውና የገዛ አፍንጫው ደንዝዟል። አፈር ሲመርጥ፣ ሥር ሲመረምር፣ ዘር ሲለይ ወደ ልጁ ያቀርብና «ምን ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃታል። የሞተ ዘር የሻገተ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ነፍስ ያለው ዘር ደግሞ፣ እጅግ በስሱ፣ እርጥብ ሣር ሣር ይላል። ይህን ለይታ የምትነግረው እርሷ ነበረች።

ቁራምባ የብርድ አገር ናት። ከከተማዋ በላይ በተራራው ራስ ላይ ነጩ ይኖራል። ነጩ ውርጭ ነው፤ ነገር ግን የሚራመድ፣ የሚራብ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ በረዶ ድንጋይ የሚለውጥ ውርጭ ነው። ከእርሱ ማደሪያ እስከ ንጉሡ አትክልት ቦታ መቶ ሃያ የድንጋይ ደረጃ ይወርዳል። በደረጃው ግርጌ የቀድሞ አባቶች ከሙጃ ቆላ ያመጡትን ቀንዲላ ተከሉ፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ የሚመልስ ጥቁር የድንጋይ ግንብም ከኋላው አቆሙለት። በበሩ ላይ እንዲህ የሚል ቃል ተቀርጿል፦ «ቀንዲላ በነጩ ፊት ቆሞ ሲያብብ፣ ነጩ ሰግዶ ይመለሳል።»

የኋለኞቹ ሰዎች ታዲያ ዛፉን ያከበሩ መስሏቸው ካባ ያለብሱት ጀመር። በየዓመቱ አንድ ታላቅ ሰው አንድ ካባ ይደርብለታል። አንዴ የለበሰውን ካባ የገፈፈ እጁ ይቆረጣል የሚል ሕግም ወጣ። ዘርጋው ሦስት ጊዜ በንጉሡ ፊት ቆሞ «ዛፉ እየታነቀ ነው፤ ግንዱ ትንፋሽ ይሻል» ብሎ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ተሳቀበት።

በዚያ የእንባ ዕለት ግን ዘርጋው የልጁን ፊት አየ፤ መጠየቅም አላስፈለገውም። ማጭዱን መዞ አርባውን ካባ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ወርቀ ዘቦው ተዘረገፈ፤ ሐሩ ተዘረገፈ፤ ከሥሩ ያለው ሱፍ በስብሶ እንደ ገንፎ ተልፈሰፈሰ። ግንዱ ልጡ ተገሽልጦ፣ ሥጋው ጠቁሮ፣ ጣት ጣት የሚያካክሉ ነጫጭ ትሎች እርስ በርስ ይተራመሱበት ነበር። ቀድሞ ግንባራቸውን የቀቡት መኳንንት አሁን በእጅጌያቸው ይፈትጉት ጀመር። ቀጸላ ከትሎቹ ይልቅ እነርሱን ተጸየፈች።

ንጉሡ ግን እፍረቱን የሚጭንበት ትከሻ ፈለገ። «ካባዬን የደፈረ፣ ዛፌን የገደለ ይህ ሰው ነው» አለ። «ከግንዱ ጋር በሰንሰለት ይታሰር። ነጩ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ይሁን።»

በዚያው ቅጽበት ከተራራው ራስ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ድምፅ ተሰማ። ነጩ የመጀመሪያዋን ደረጃ ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ በየንጋቱ አንድ አንድ ደረጃ እንደሚወርድ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

ቀጸላ አፏን ጠርጋ ወደ ዙፋኑ ቀረበች። «ንጉሥ ሆይ፣ በአባቴ ሰንሰለት እምላለሁ» አለች። «መቶ ሃያው ደረጃ ሳያልቅ ሕያው ቀንዲላ በዚህ መሬት ላይ እተክላለሁ። ብተክል አባቴን መልሱልኝ። ባልተክል ግን ከጎኑ እሰሩኝ።»

ንጉሡ እንዳትኮበልል ብሎ አንዳርጌ የሚባል ጋሻ ጃግሬ አዘዘባት። አንዳርጌ ደግ ሰው ነው፤ ግን ነጭ ሽንኩርት እንደ ቆሎ ይቆረጥማል፣ የቆዳ ጥሩሩንም ከተሰፋ ጀምሮ አውልቆት አያውቅም። ቀጸላ ሠላሳውን ቀን ቁልቁል ስትጓዝ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ እያየች ከፊቱ ትሄዳለች።

«እቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አላት አንድ ቀን።

«አንተ ምንም አልበደልከኝም፤ ብብትህ ነው» አለችው።

ሙጃ ቆላ ሲደርሱ እማማ ሰሊጢት የሚባሉ፣ ዝባድ እየለቀሙ የሚተዳደሩ አሮጊት ተቀበሏቸው። ቀንዲላ በዚያ እንደ ማንኛውም የዱር ዛፍ ይበቅላል። ቀጸላ ከመሬት አንድ ፍሬ አንስታ በድንጋይ ብትቀጠቅጠው ዘሩ አልተፈረከሰም።

«አትድከሚ ልጄ» አሏት እማማ ሰሊጢት። «ዛፍ ሥር የወደቀ ቀንዲላ አይበቅልም። መጀመሪያ ዝባዲት ትውጠዋለች፤ ሆዷ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። ከዚያ እዳሪዋ ውስጥ ሞቆ ይነቃል። የነቃውን ከነእዳሪው በቀንድ ወተፍ አድርገሽ ይዘሽ ብትሄጂ ይበቅልልሻል። ያልነቃው ከሙቀቱ ከወጣ ግን ሰባት ዓመት ይተኛል።»

«ዝባዲት ምንድን ናት?»

«ጥርኝ ናት፤ ግን በሬ ታክላለች። እንደ ጥርኝ ሁሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የምትጸዳዳው፤ ዋሻዋ ውስጥ። ቅድመ አያቴም ያንኑ ክምር ነበር የምታውቀው።» አሮጊቷ ስድስት የሰም ውታፍ ከመቀነታቸው ፈቱ። «ሁለቱን በአፍንጫሽ ሰክተሽ በአፍሽ ተንፍሺ። እዚያ ውስጥ በአፍንጫው የሳበ ሰው ዳግመኛ ምንም አይሸተውም። የኔ ባል ገብቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ተቃጥሎ እንኳ ጢሱ አልሸተተውም።»

ሦስቱም ሰም ሰክተው ገቡ። ክምሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ላዩ ይተናል፤ ሲረግጡት እስከ ጉልበት ይሰርጋል። አንዳርጌ በጦር ሜዳ የሰው አንጀት ሲዘረገፍ ያየ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ዓይኑን ጨፈነ። ቀጸላ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደችና አንድ እፍኝ አወጣች። በእፍኟ ውስጥ ከመቶ የሚበልጥ ዘር ነበረ፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ድቡልቡል፣ ሁሉም አንድ መልክ። የሞተው፣ የተኛው፣ የነቃው አይለይም። የያዘችው ቀንድ ከሚያሞቀው እዳሪ ጋር የሚበቃው ለአንድ ዘር ብቻ ነው።

የዋሻው ደጅ ጨለም አለ። ዝባዲት መጥታ ነበር። አንዳርጌ ጋሻውን አንሥቶ ወደ ደጁ ዞረ፤ «ቶሎ በይ» አላት በአፉ እየተነፈሰ።

ቀጸላ ዘሩን አየች። የአባቷን እጅ አሰበች፤ አንድ ዘር በመዳፉ ይዞ ወደ ፊቷ ሲያቀርብ። ዕድሜዋን ሙሉ የረገመችውን አፍንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሳችለት፤ እንዲህ ባለ ስፍራ መሳሳቷም አሳፈራት። ከዚያም ሰሙን ነቅላ ጣለችው።

መጀመሪያ የሳበችው ትንፋሽ እሳት ነበር። በሁለተኛው እንባዋና ንፍጧ ተቀላቅሎ ወረደ፤ ግን እጇን አልመለሰችም፤ ዘር እያነሣች ወደ አፍንጫዋ፣ ወደ መሬት፣ ወደ አፍንጫዋ። ዱቄት። ዱቄት። ምንም። ዱቄት። በሦስተኛው ሽታው ሁሉ እየራቃት ሲሄድ፣ በዚያ ሁሉ ርኩሰት መካከል አንድ ስስ የእርጥብ ሣር ሽታ አለፈ። ያችን ዘር በጣቷ ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላ አየሩ ባዶ ሆነ።

አንዳርጌ ዝባዲትን በጋሻው እየገፋ ሲያስወጣቸው፣ ከጭራዋ ሥር የረጨችው ዝባድ ከራሱ እስከ እግሩ አጠበው። እማማ ሰሊጢት እንኳ፣ ዕድሜያቸውን በዝባድ የኖሩት ሴትዮ፣ ከእርሱ ሸሹ። ምስኪኑ አፍሮ ከቀጸላ ሃያ እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። እርሷ ግን ዘሩን የወተፈችበትን ቀንድ ታቅፋ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ እንጀራዋንም ቆርሳ በላች። አንዳርጌ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ገባውና አንገቱን ደፋ።

ዳገቱን ሲመለሱ ዘሩ በቀንዱ ውስጥ ፈነዳ፤ ሁለት ቅጠል አወጣ። ቀጸላ ግን አልቸኮለችም። በየከፍታው ስድስት ስድስት ቀን ትቆማለች፤ ቡቃያውንም ሜዳ ላይ፣ ለነፋስ ታሰጣዋለች። በየእርከኑ ቅጠሉ ይረግፋል፤ የሚተካውም ያነሰና የወፈረ፣ ጸጉር ያለው ቅጠል ነው። በስምንተኛው እርከን አንዳርጌ አላስችል አለውና ጋቢውን አውልቆ ሊያለብሰው ቀረበ።

«ተው» አለችው። «እነዚያ አርባ ሰዎችም እንዲህ አዝነውለት ነው የገደሉት። ብርድን በልኩ እየቀመሰ ይልመደው።»

በመቶ ሃያኛው ቀን ንጋት ከአትክልቱ ቦታ ደረሱ። ነጩ በመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር። ዘርጋው ከበሰበሰው ግንድ ሥር በሰንሰለት ታስሮ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጢሙ በረዶ ቋጥሯል። መኳንንቱ ደግሞ ይግረማችሁ፣ በራቀ ስፍራ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ካባ ይዘው ይጠብቃሉ። ከሞተ ዛፍ፣ ከወጣ ትል፣ ከመቶ ሃያ ቀን ፍርሃት የተማሩት ይህንኑ ነው።

ቀጸላ በአባቷ እግር አጠገብ ቆፍራ ቡቃያውን ተከለች። ስንዝር አይሞላም። ንጉሡ ራሱ አርባ አንደኛውን ካባ፣ በወርቅ የተጠለፈውን፣ ዘርግቶ መጣ።

«ንጉሥ ሆይ» አለች ከፊቱ ቆማ። «ቀንዲላ በነጩ ፊት ቆሞ ሲያብብ ተባለ እንጂ ተሸፍኖ ሲያብብ አልተባለም። እናንተ ዛፉን ከነጩ ደበቃችሁት፤ ነጩም ሰው የለም ብሎ ወረደ። ይህ ካባ ብርድ የገባው ሰው ያሻዋል።»

ካባውን ከእጁ ነጥቃ በአባቷ ትከሻ ላይ ደረበችው።

ዘበኞች ሰይፍ መዘዙ። አንዳርጌ በመካከል ገባ፤ ከደፋርነቱ ይልቅ ሽታው መለሳቸው። ያን ጊዜ ነጩ ከመጨረሻዋ ደረጃ ወረደ። የንጉሡ ምንጣፍ ተሰነጠቀ፤ የአትክልቱ ምንጭ በረዶ ሆነ፤ ውርጩ መሬት ለመሬት ተንፏቆ ቡቃያውን ነካው። አንዱ ቅጠል ጠቆረ። ሁለተኛው ጠቆረ። ዘርጋው ልጁን ወደ ካባው ስቦ አቀፋት። ሦስተኛው ቅጠል ግን ተንቀጠቀጠ እንጂ አልጠቆረም፤ ከብብቱም አንዲት እንቡጥ ወጥታ ወርቅማ ከንፈሯን ከፈተች።

ነጩ ቆመ። ከዚያ ዝቅ አለ፣ በጣም ዝቅ አለ፤ በመጣበትም ደረጃ አንድ በአንድ ተመለሰ።

የአበባይቱ መዓዛ አትክልቱን ቦታ ሞላው። የግምጃ ቤቱ ሹም ካባውን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንዳርጌ ራሱ፣ ያ ሁሉ ዝባድ እላዩ እያለ፣ ደረቱን ነፍቶ ሳበና ዓይኖቹን ጨፈነ። ንጉሡ የዘርጋውን ሰንሰለት በገዛ እጁ ፈታ፤ አፍሮም ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ቀጸላ በጉልበቷ ተንበርክካ ፊቷን ወደ አበባይቱ አቀረበች። ሳበች። ደግማ ሳበች። ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነበር።

ዘርጋው ከጎኗ ተንበረከከ። «ምን ምን ይላል?» አላት፣ እንደ ልማዱ።

ሽማግሌው ፊቷን አየ፤ ከዚያ አንዳርጌን አየ፤ አንዳርጌ መሬት መሬት አየ።

«ዛሬ አንተ ንገረኝ፣ አባባ» አለችው።

ዘርጋው ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ያ የደነዘዘ አፍንጫው እንኳ ያን ሽታ ሊስተው አልቻለም። ቀና ሲል እንባው በጢሙ በረዶ ላይ ይወርድ ነበር።

«ብዙም አይደል» አላት። «ሣር ሣር ይላል። ያው ሣር ነው፣ ልጄ።»

ቀጸላ እንባውን አየች። በንጉሡ ካባ ጫፍ ጢሙን ጠረገችለት።