የተቆለፈው ማህደር

የጋራ ዕውቀትን ሸሽጎ ሰው እንዲለማመጠው የሚሻ ሁሉ መጨረሻው ውርደት ነው። የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አጎት ግን ይህን የተማረው ከረፈደ በኋላ ነው።

«ምንም አልተገኘም» ይላል የኮምፒውተሩ ገጽ።

«እስቲ ድገሚው» አለ አጎት፣ ወንበሩ ላይ ደልደል ብሎ።

የቢሮው ጸሐፊ የንድፉን ፍለጋ ደገመችው። ያው ነው።

አጎት የአሳንሰር ጥገና ድርጅት የቴክኒክ ኃላፊ ነው። የሚኮራው በሙያው ሳይሆን ንድፍ ፍለጋ ደጁን በሚጠኑት ሠራተኞች ብዛት ነበር። ድርጅቱ የየክፍሉን ሰነድ ከአንድ ቦታ ፈልጎ የሚያወጣ ሥርዓት ሲያስገባ፣ በስብሰባው ላይ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። ቤቱ ሲገባ ግን አብራው የምትኖረውን የእህቱን ልጅ ጠራት። «የኔ ጎበዝ፣ ነገ ቢሮ መጥተሽ ማህደሬን ያ ፈላጊ ተብዬ እንዳያየው አድርጊልኝ። እኔ እንደሆንኩ ኮምፒውተር ላይ አልችልበትም።» ያሳደጋት ሰው ነውና በማግስቱ ቢሮ መጥታ ቆለፈችለት።

አሁን፣ እሷ ገና ከቢሮው ሳትወጣ፣ የጥገና ሠራተኛው ድምፅ ከስልኩ ይጮኻል፤ «ኧረ በናታችሁ ፍጠኑ! ነፍሰ ጡር ሴት አሳንሰሩ ውስጥ ተዘግቶባታል፤ የሽቦውን ንድፍ ሳላይ ብነካው ይዟት ይወርዳል!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋ አይጠፋም» አለች ጸሐፊዋ።

«እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? ያን የተጨበጨበለትን ጉድ ጠይቂው እንጂ!»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ፤ «ትንሽ ይለምኑኝና አስከፍትሻለሁ። አንቺ ጭጭ በይ።»

ልጅቷ አየችው። ፈገግ ብሏል። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ የአንድ ማህደር ቁልፍ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ብድግ ብላ የእሱን ኮምፒውተር ወደ ራሷ ሳበችና ቁልፉን አነሣች።

«አሁን ፈልጊው» አለቻት ጸሐፊዋን።

«ውይ፣ ወጣ! የት ነበረ?»

«ተቆልፎ። የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስቆለፈኝ እሱ ነው።»

«አንቺ! ማን አሳደገሽ?» አለ አጎት።

«አንተ» አለችው።

ሴትዮዋ በደህና ወጣች። አጎት ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ የቀረለት ሥራ የገዛ ንድፎቹን አንድ በአንድ ወደ ፍለጋው ሥርዓት ማስገባት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስለማይችልበትም፣ ጠዋት ማታ የጸሐፊዋን ደጅ ይጠናል።