የአስር ሰዓቱ ውዝዋዜ

መምህርት ኦሪዬ ኩዙሚ ከመለማመጃው አዳራሽ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። የውዝዋዜ መቅጃውን ጠባብ ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፤ ካሜራው እነሱን ብቻ የሚቀዳቸው ነጫጭ ነጥቦችም እንደተለጣጠፉባቸው ናቸው። ያገኘቻቸው ብቸኛ ተማሪያቸው ናትሱዬ ናት፤ ፖሊሶቹም እሷኑ ሊያስሩ ቸኩለዋል።

ኢንስፔክተር ቶኪ ኩዋሃራ መቀመጥ አልሆነላትም። ከመስኮቱ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ መስኮቱ ትላለች። የካናዛዋ ከተማ በረዶ ከጣሪያው ዱብ ባለ ቁጥር ትደነግጣለች፤ በመደንገጧም ትበሳጫለች። ደግሞስ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ብርዱን እያሳበበ የሞቱበትን ሰዓት አልናገርም ሲል እንዴት አትበሳጭ?

ውዝዋዜውን በኮምፒውተር የሚቀዳው ሞሪዋኪ ግን ሰዓቱን ያውቃል። «አስር ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ፤ ቅጂው ይኸው፣ ሰዓቱ ተጽፎበታል። እኔ ካሜራውን ከፍቼላቸው በዘጠኝ ሰዓት ወጥቻለሁ። ፍል ውኃ ቤት ነበርኩ፤ ጠይቁ።»

«እኔ እስከ አስራ አንድ ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ» አለች ናትሱዬ። «ስመጣ ወድቀው አገኘኋቸው። ውዝዋዜውን እንኳ ገና ተምሬ አልጨረስኩም። ከሳቸው ሌላ የሚያውቀው የለም።»

ልጃቸው ሂሳኮ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ሱቋ ውስጥ ነበረች። «እማዬ ጠዋት ደውላልኝ ነበር። ‹ነጥብ ብቻ እንጂ የኪሞኖ እጅጌ የማይታይበት ውዝዋዜ ምን ውዝዋዜ ነው? ቅጂዎቹን ሁሉ አጠፋቸዋለሁ› አለችኝ።»

ቶኪ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። በስክሪኑ ጨለማ ውስጥ ነጥቦች ይወዛወዛሉ፤ ፊት የላቸውም።

«ከጀርባዋ እያየናት ነው፤ ሁሌ በቀኝ እጇ የምትይዘው ማራገቢያ ላይ ያሉት ነጥቦች በቀኝ በኩል ናቸዋ» አለች ሂሳኮ።

«ጉልበትሽ ወደ ኋላ ይታጠፋል እንዴ፣ ሂሳኮ ሳን?» አለች ቶኪ። « ጉልበቶቹን እዪ። ወደ እኛ ዞረዋል። ማራገቢያው በግራ እጃቸው ነው። ናትሱዬ፣ መቼ ነው በግራ የሚይዙት?»

«ሲያስተምሩኝ ብቻ። ፊት ለፊቴ ቆመው፣ እንደ መስታወት እንድከተላቸው ሁሉን ገልብጠው ያሳዩኛል።»

በድንገት ነጥቦቹ ቆሙ። ናትሱዬ አፏን በእጇ ያዘች። «እዚህ ጋ ሁሌ እሳሳታለሁ። እየጠበቁኝ ነው።»

«አንቺ ደግሞ አስር ሰዓት ላይ ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርሽ፤ አጣርተናል» አለች ቶኪ። «እንግዲህ ይህ የዛሬ አይደለም፤ የድሮ ትምህርት ነው። የቅጂውን ሰዓት መለወጥ የሚችለው መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ነው። መምህርቷ የሞቱት አንድ ሰው ወደ ፍል ውኃው ከመሄዱ በፊት ነው። ሞሪዋኪ ሳን፣ ሌላ ቅጂ አጥተህ ነው ይህን ያመጣኸው?»

ሞሪዋኪ አንገቱን ደፋ። «ለመጨረሻ ጊዜ እንዲቀዱ ለምኜ ልብሱን አስለበስኳቸው፤ እሳቸው ግን የሦስት ዓመት ልፋቴን ዓይኔ እያየ ደመሰሱት። እኔ ቤት የቀረው ይሄ ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ ተጨቃጨቅን፤ ገፋኋቸው። ግራና ቀኙን ልብ አላልኩትም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ናትሱዬ ከኮምፒውተሩ ዓይኗን አልነቀለችም። «ይህንንም ትወስጂዋለሽ?»

«ማስረጃ ነው፤ እወስደዋለሁ። ቅጂው ለአንቺም ይደርስሻል።» ቶኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለአሁኑ ግን መንገዱ በረዶ ነው። አልቸኩልም።»

ናትሱዬ ማራገቢያውን በቀኝ እጇ ይዛ ነጥቦቹ ፊት ቆመች። እያለቀሰች ተከተለቻቸው። ያቺ ቦታ ስትደርስ አልተሳሳተችም። ነጥቦቹ ግን እንደ ወትሮው ቆመው ጠበቋት።