የተሰሎንቄ መልእክተኛ

«ጎሳዬ ዛሬም አልደወለም?» አለ አባቷ አምሳሉ ከሶፋው ላይ።

ሐምራዊት ዓይኗን ከላፕቶፑ አላነሳችም። «ኦቨርታይም ይዘውት ነው፣ አባዬ። በረዶው ከጣለ ወዲህ ፓኬጁ ተከምሯል አሉ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ!»

አባቷ የኦክስጅኑን ቀጭን ቱቦ ከጆሮው ኋላ አስተካከለ። ሐምራዊት አፈረች። የዋሸችው እሷ፣ የምትቆጣውም እሷ!

ጎሳዬ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ሞቷል። አባቷ መሞቱን ቀርቶ መታመሙንም አልሰማም። በዚያ በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ኮቪድ ቀድሞ የጣለው አባቷን ነበር፤ አሥራ ስድስት ቀን ተኝቶ ሳንባው ተጎድቶ ወጣ። እሱ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎሳዬ ገባ። ውሸቱን የጀመረውም ራሱ ጎሳዬ ነው። ከአልጋው ላይ ሆኖ እየደወለ «ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ» ይለው ነበር፤ መናገር እስኪያቅተው ድረስ።

ማክሰኞ ማታ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ንጉሤ በስልክ ፍርዱን ሰጡ። «አምሳሉ ገና አልጠናም። ድንጋጤ አይሆነውም። ቅዳሜ እኛ እንቀብራለን፤ እሱ መርዶውን ለአርባው ይረዳል።» እናቷ ሮማን እያለቀሰች እሺ አለች። እንዳይጠረጥር ብላም ከሥራ አልቀረችም፤ ኢስተን የሚባለው ሰፈር ያለው ሆቴል ሄዳ አንሶላ ስታጥብ ትውላለች፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አልቅሳ ፊቷን ተጣጥባ ትገባለች። ትምህርት ቤት በኦንላይን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከአባቷ ጋር የምትውለው ሐምራዊት ናት። እሺ ትበል አትበል ግን ማንም አልጠየቃትም።

ስልኳ ጮኸ። ፍርዶስ ናት፣ የታሪክ ፕሮጀክት አጋሯ። ሐምራዊት መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ሐምሪ፣ ስላይድ ሰባት ኤምፕቲ ነው'ኮ! ነገ ከሰዓት ፕረዘንት እናደርጋለን። ልታስወድቂኝ ነው?»

«እሠራዋለሁ።»

«ክላሱ በሙሉ ግላዲያተር ሲመርጥ እኔና አንቺ የጥንት ዘመን ልብስ ሰፊዎች ይዘን ቀረን።»

በተሰሎንቄ ከተማ የነበሩትን የመጀመሪያ ክርስቲያኖች፣ በእጃቸው ሠርተው አዳሪዎችን፣ የመረጠላቸው ጎሳዬ ነበር። ቀን ፓኬጅ የሚያድል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ልጆችን የሚያስተምር፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያነብ ሰው ነበር። ትምህርቱን በድምፅ መልእክት ይልክላታል። «ሐምሪዬ፣ ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ነኝ። አንድ ውሻ ከቫኑ አላስወርድ ብሎኛል። እስኪሄድልኝ ስለ ኢያሶን ልንገርሽ።» ከዚያ ኢያሶን እንግዶች ቤቱ ስላሳደረ ሕዝቡ እንዴት በሩ ላይ እንደተነሳበት፣ «ከቄሣር ሌላ ንጉሥ አለ ይላሉ» ተብሎ ለከተማው ሹማምንት እንዴት እንደተጎተተ፣ ዋስ ጠርቶ እንዴት እንደተለቀቀ ይተርካል። ውሻው ከበስተኋላ ይጮሃል። «እንደኛው ናቸው እኮ፣ ልጄ። የመጣ ሰው፣ የጉልበት ሥራ፣ ጠባብ ቤት። ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ተጠጋግተው ይጸልያሉ።» የመጨረሻው መልእክት አጭር ነበር፤ «ስላይድ ሰባትን ነገ እነግርሻለሁ፣ ዛሬ ትንሽ ሳል ይዞኛል።»

«አባትሽ አሁንም አያውቅም?» አለች ፍርዶስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኖ።»

«ወላሂ፣ እኔ አልችልም። እኛ ጋ ሰው ቶሎ ነው የሚቀበረው፤ መደበቂያ ጊዜም የለም። አያቴ ደሴ ስትሞት አባቴ በቪዲዮ ነው ያያት። ስልኩን ይዞ ኪችን ውስጥ ቆሞ። እስካሁን ‹ቢያንስ አፈር ሲለብሱ አየሁ› ይላል።»

ሐምራዊት ባዶውን ስላይድ ከፈተች።

«ሐምሪ? ተቀየምሽኝ?»

«አይ። ስላይዱን ልሥራ።»

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን አንብባ ሠራችው። አባቷ ሶፋው ላይ ቀና ብሎ «እስቲ ለእኔ አቅርቢልኝ፤ ጎሳዬ ብቻ ነው እንዴ አስተማሪው?» አላት። ላፕቶፑን ወደ እሱ አዙራ ቆመች። ስለ ወደቡ፣ ስለ ሮማውያን መንገድ፣ ስለ ኢያሶን ስትናገር አባቷ ሳቀ። «ይቺ ‹ዋስ ጥሩ› ያልሻት የጎሳዬ ናት። እንደ ዳኛ እጁን እያወዛወዘ ሲላት ታየኝ።» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ ወርዶ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ስላይድ ሰባት» አለች። «እነዚህ ሰዎች ጌታቸው በቶሎ እንደሚመለስ፣ ሁሉም አብረው እንደሚቀበሉት ያምኑ ነበር። ከዚያ አንዳንዶቹ ሞቱ። የቀሩት ያለቀሱት ስለተለዩአቸው ብቻ አልነበረም። የሞቱት ያቺ ቀን ታመልጣቸዋለች ብለው ነው…» ውሃ ጠጣች። «ያን ጊዜ ጢሞቴዎስ የሚባል ወጣት ወሬያቸውን ይዞ ያስተማራቸው ሐዋርያ ወዳለበት ወደ ቆሮንቶስ ሄደ። ይህን ጭንቀታቸውንም ያደረሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። መልሱ በደብዳቤ መጣላቸው።»

አባቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ጎበዝ ልጅ ነው ጢሞቴዎስ። ‹ደኅና ናቸው፣ ሰላም ብለዋል› ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። የሰው ኀዘን መሸከም ከባድ ነው። ግን እሱ ባይናገር ማን መልስ ይጽፍላቸዋል?»

ሐምራዊት ላፕቶፑን ዘጋች።

«ቆይ፣ ስልክሽን አምጪ። ለጎሳዬ ላኪለት፣ ደስ ይለዋል።» ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «አንተ ሰው፣ ጠፋህ'ኮ! ልጅህ ዛሬ አኮራችን። በረዶው ላይ ቀስ ብለህ ንዳ፣ እሺ?» መልሶ ሰጣት። «ላኪው።»

የጎሳዬ ስልክ በቀጣዩ ክፍል ነበር። ሆስፒታሉ ከጃኬቱና ከጫማው ጋር በላስቲክ ከረጢት የሰጣቸው ነው፤ የዘመድ ቁጥር ሁሉ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃ ቻርጅ ታደርገዋለች። ሐምራዊት ጣቷን ብትጫን፣ መልእክቱ ከአባቷ አሥር እርምጃ ርቆ ይጮሃል።

«ላክሽው?»

«አልላክሁም» አለች። ከማክሰኞ ወዲህ ለአባቷ የሰጠችው የመጀመሪያ እውነተኛ መልስ ነበር። እሱም «እሺ፣ በኋላ ትልኪለታለሽ» ብሎ ዓይኑን ከደነ።

እናቷ ስትመጣ ሐምራዊት ውጭ ጠበቀቻት፤ መኪናው ውስጥ ገብታም ከጎኗ ተቀመጠች።

«ማሚ፣ ቀብሩ ሳይደርስ ንገሩት።»

«ምን ነካሽ? ቢሞትብኝስ? ሁለት ቀብር አልችልም፣ ሐምሪ። አልችልም።»

«ለአርባው ይደርሳል ትላላችሁ። አርባው ግን ቀብር አይደለም። ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ምን ትሰጡታላችሁ?»

«ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም።»

«ልጅ ከሆንኩ ለምን እኔን አስዋሻችሁኝ?»

እናቷ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። በረዶው መስታወቱን ቀስ በቀስ ሸፈነው።

«ነገ ጠዋት አባዬን የምትከታተለው ነርስ ትመጣለች አይደል?» አለች ሐምራዊት። «ኮል አድርጊና ጠይቂያት። እሷ ባለችበት ይሁን።»

እናቷ ደወለች። ነርሷ «እኔ እያለሁ ብትነግሩት ይሻላል፤ በድንገት ከሌላ ቢሰማው ይብሳል» አለቻት። ከዚያ እናቷ ፊቷን ጠርጋ ለጋሼ ንጉሤ ደወለች። «ጋሼ፣ አምሳሉ ነገ ይረዳ። መግባት እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢሆንም መርዶ ያለ ሰው አይሆንም። ውጭም ቢሆን ቁሙልኝ።»

ዓርብ ጠዋት ነርሷ የአባቷን ትንፋሽ አዳምጣ ወንበር ስባ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ከተዘጋው መጋረጃ ጀርባ የመኪና በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ይሰማል። ሐምራዊት ቀደም ብላ በጠርዙ አጮልቃ አይታቸዋለች፤ አሥራ አምስት ያህል ሰው፣ ማስክ አድርገው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ተራርቀው በረዶው ላይ ቆመዋል። ጋሼ ንጉሤ ስልካቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። መጋረጃው ሲገለጥ በስፒከር ሊናገሩ ተስማምተዋል።

«ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» አለ አባቷ እናቷን እያየ።

እናቷ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች።

«ቆዪ፣ ማሚ» አለች ሐምራዊት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እኔ ልንገረው።»

ከሶፋው ሥር ተንበረከከችና የአባቷን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች።