የሩዝ ማሳው ጉርጥ

ጓንጉል የተገኘው በፊልም ማሳያ ክፍሉ ውስጥ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ከአሮጌው ጀነሬተር ብረት ጋር ተጋጭቶ ነው። አጠገቡ አንድ በርጩማ ተገልብጧል፤ ከበላዩ የመስኮቱ ብርድ ልብስ ከሚስማሩ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ያየ ሁሉ «መስኮት ሊጋርድ ወጥቶ ወደቀ፣ ነፍስ ይማር» አለ። ሚስቱ ወርቅነሽ ብታለቅስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

ወርቅነሽ አላለቀሰችም። አርብ አመሻሽ ላይ ሬሳውን አግኝታ ጎረቤት ስትጠራ «ጓንጉል ሞቷልና ኑ» አለች፣ ልክ «ውሃ መጥቷልና ቅዱ» እንደምትል። ቀብር ላይ ሳጥኑ ሲወርድ ቆማ አየች፤ አፈሩ ሲመለስ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ደብረ ታቦር ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ የደረቀ ዓይን ግን ይቅር አይልም። የሟች እህት አለምወርቅ ከይፋግ ዘመዶቿን አስከትላ መጥታ ነበርና፣ ከለቅሶው ድንኳን በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

«ግቢው ውስጥ ከእሷ በቀር ማን ነበር? ወንድም ጋሻዬን በልታ አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ ነፈገችው! እስከ ሰልስቱ ካልታሰረች እኛው ጎትተን ከቤቱ እናወጣታለን!»

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ነበረች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ የአገሩ ብርድ ለጉንፋን የዳራት ሴት። ሰው ሲያወራ መስማት ትወዳለች፤ ሲያለቅስ መስማት ግን ሥራዋን ያስፈታታል። «እንባ ምስክር ሆኖ ቀርቦ አያውቅም፤ የደረቀ ዓይንም እንዲሁ» አለቻት አለምወርቅን፤ አፍንጫዋን ጠርጋ ወጣች።

ክፍሉ በደጉ ዘመን ቪዲዮ ቤት ነበር። አንዱ በሩ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ጓሮ ይከፈታል። ሰው ሁሉ በየቤቱ ዲሽ ሲያስገባ ጓንጉል ራሱ ዲሽ ገጣሚ ሆነ፤ ክፍሉን ግን አልዘጋውም። በየቅዳሜው ከሦስት ወዳጆቹ ጋር እየተሰበሰበ የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የታይላንድ፣ የታይዋን ግዙፍ አውሬዎች ከተማ ሲረግጡ ያያል። ሰፈሩ «ሰው የገብርኤል ማኅበር ይጠጣል፣ እነ ጓንጉል የአውሬ ማኅበር ይጠጣሉ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ሙግት ይነሳል፤ ላስቲክ የለበሰ ሰው የሚጫወተው አውሬ ይሻላል ወይስ በኮምፒውተር የተሠራው፣ የትኛው አውሬ ይገደል፣ የትኛው ይማር፣ እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይሟገታሉ። ሕጋቸው ሁለት ብቻ ነበር። አዲስ ፊልም ከቅዳሜ በፊት አይታይም፤ ፊልም እየታየ በር አይከፈትም።

ፈንታነሽ በርጩማውን አንስታ ወደ ብርሃን ወሰደችው። ወሩ ሐምሌ ነው። የጓንጉል ጫማ ጭቃ በጭቃ ነበር፤ በርጩማው ላይ ግን የጭቃ ጠብታ የለም። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቷል፤ ፍላሹ እንደተሰካ ነው። ስትከፍተው አንድ ፊልም ከቆመበት ይቀጥል እንደሆነ ጠየቃት። የቆመበትን ቦታ ልብ ብላ ከመጀመሪያው አስጀመረችውና እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አየችው። ከዚያ ፍላሹን ኪሷ ከተተች።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ስልክ ደወለላት። «ተገፍቶ የወደቀ ይመስላል። ወዲያውም አልሞተም፤ ጥቂት ጊዜ ነፍስ ነበረበት» አላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ወርቅነሽን ያነጋገረቻት እዚያው ጓሮ፣ ኩሽናው ደጃፍ ላይ ነው።

«አርብ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ሽሮ ሠርቼ ዕቃ አጥብ ነበር።»

«ምን ሰማሽ?»

«ፊልሙን። አውሬው ሲጮህ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ድምፁ ቆመ።»

«የሰው ድምፅስ?»

«ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ምንም አይሰማም።»

«ድምፁ ሲቆም ገብተሽ አላየሽም?»

«ፊልም ላይ በር አይከፈትም፤ ብርሃን ይገባል ብሎ ይቆጣል። ሲቆም ደግሞ ሙግታቸውን የጀመሩ መሰለኝ። ሁሌም አውሬው ዝም ሲል እነሱ ናቸው የሚነሱት።»

«ሰው ሁሉ ለምን አላለቀሰችም እያለ ነው።»

ወርቅነሽ እጇን ዘርግታ አየችው። «እኔም አላውቅም፣ ኢንስፔክተር። ስቆነጥጠው የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለኝ።»

የምትጠይቀው ነገር እንዳላት ከንፈሯ ላይ ታየ፤ ግን መልሳ ዋጠችው።

ከማኅበሩ ሰዎች መጀመሪያ የተገኘው የሚኒባስ ሾፌሩ ደጀን ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ።

«ጓንጉልን ሰው ፊት ‹አውሬ ይርገጥህ› ብለህ ረግመኸዋል አሉ።»

«ብዬዋለሁ! የላስቲኩ አውሬ ይበልጣል ብሎ ሲሞግተኝ! ኧረ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ እኮ ሲያልበው ይታያል! ታዲያ በዚህ ሰው ይገደላል?» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አርብ ቀትር ላይ ፍላሹን ከባሕር ዳር ያመጣሁለት እኔ ነኝ፤ የማኅበርተኛችን የሕሊና ወንድም ከውጭ የላከውን። እጁ ላይ ስጥለው እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚያ ወረታ ተሳፋሪ ጭኜ ወጣሁ፤ የመጣሁት ሬሳው ከተነሳ በኋላ ነው።»

«ምን ፊልም ነው?»

«‹የሩዝ ማሳው ጉርጥ›! የታይዋን ነው፤ ከዓለም ጠፋ የተባለ። ከእኛ ያየው ጋሼ ይርጋ ብቻ ናቸው፣ አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ። ስንት ዓመት ሙሉ እየተረኩልን ነው የኖርነው።»

«እስቲ ተርክልኝ።»

ደጀን ቀና አለ። «ጉርጡ ከእሳተ ገሞራ አፍ ይወጣና ሩዝ ማሳው ላይ ይወርዳል። ዓይኑ ፍም ነው። እሳት እየተፋ ከተማውን ሲጨርስ ወታደሮች በሮኬት ያቃጥሉታል። እኔማ በፎገራ ባለፍኩ ቁጥር ከዚያ ሁሉ ሩዝ መሃል አንድ ብቅ ቢል እያልኩ ነው የምነዳው።»

ሕሊና ከሐዋሳ መጥታ ከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ናት። አርብ ቀኑን ሙሉ ከሥራዋ አልተለየችም። ጉርጡንም የተረከችው እንደ ደጀን ነው፤ እሳተ ገሞራው፣ ፍሙ፣ ሮኬቱ።

«ወንድምሽ ሲልከው አላየሽውም?»

«ሕግ አለን እኮ። ቅዳሜን ስጠብቅ ነበር።» ድምፅዋ ሟሸሸ። «ጋሼ ይርጋ ሲተርኩት አንዲት ቃል አይለውጡም፤ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ናቸው። ፊልሙ ተገኘ ስላቸው ግን ዝም አሉ። ደስታ ነው ብዬ ነበር።»

መምህር ይርጋ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ፈንታነሽንም አስተምረዋታል። ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀበሏት።

«አርብ ከቤት አልወጣሁም፣ ልጄ። ዝናቡን አይተሽው የለ? ጓንጉል የልቤ ሰው ነበር።»

«ፊልሙን ያዩት አንቱ ብቻ ነዎት ይባላል። ቢተርኩልኝ?»

የሽማግሌው ፊት በራ። ማስተማር የለመደ ሰው ጥያቄ ሲያገኝ እንደዚያ ነው።

«ድርቅ ይገባና ማሳው ይሰነጠቃል። ጉርጡ ከዚያ ጭቃ ውስጥ ነው የሚወጣው። ዕውር ነው፤ እሳት ምናምን አይተፋም። የቤተ መቅደሱን ደወል እየሰማ ይሄዳል፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሳያይ ይረግጣል። አንዲት አሮጊት ደወሉ ዘንድ ትደርስና ገመዱን ትይዛለች...»

«ከዚያስ?»

መምህር ይርጋ ትንሽ አሰቡ። «ከዚያማ ወታደሮቹ ይመጣሉ፤ በሮኬት ያቃጥሉታል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ፈንታነሽ፤ ስትወጣ አላስነጠሳትም፤ ይህም ሥራው ማለቁን የሚያሳይ ምልክት ነበር።

በሰልስቱ ዕለት ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወርቅነሽ ጥግ ይዛ ቆመች። አለምወርቅ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ዓይኗን አልነቀለችባትም፤ ዘመዶቿ ደጁን ሞልተውታል።

«ጓንጉል በርጩማ ላይ አልወጣም» ብላ ጀመረች ፈንታነሽ። «ጫማው ጭቃ ነበር፤ በርጩማው ንጹሕ ነው። መስኮትም አልጋረደም። ፊልም ሲጮህ ተሰምቷል፤ እናንተ ደግሞ ሳታጨልሙ ፊልም አትከፍቱም። እንግዲህ ብርድ ልብሱ የወረደው ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ነው። የሞተ ሰው አያወርደውም።»

«ታዲያ ማን አወረደው?» አለች አለምወርቅ ወደ ወርቅነሽ እየጠቆመች። «ይቺ አይደለችም?»

«ወርቅነሽ ብትሆን ፊልሙን መስማቷን ለምን ትነግረኛለች? የመውደቁን ተረት ያፈረሰው የእሷ ቃል እኮ ነው። ደጀን፣ ጉርጡ ከየት ይወጣል?»

«ከእሳተ ገሞራ።»

«ሕሊና፣ ዓይኑስ?»

«ፍም ነው።»

«ይህን ማን ነገራችሁ?»

ሁለቱም ወደ መምህር ይርጋ ዞሩ።

«እኔን ግን ትናንት ከጭቃ ይወጣል፣ ዕውር ነው፣ እሳትም አይተፋም ብለውኛል።»

ደጀን ግራ ገባው። «ጋሼ? ዕውር ነው እንዴ?»

«ዕውር ነው» አለች ፈንታነሽ። «አይቼዋለሁ። መምህር የነገሩኝ አንድም ነገር አይጎድለውም፤ አሮጊቷ ገመዱን እስከያዘችበት ድረስ። ከዚያ ወዲያ ግን ፊልሙ ውስጥ ወታደር የለም፤ ሮኬትም የለም። ገመዱን ይዛ ደወሉን ዝም ታሰኘዋለች፤ ጉርጡም የሚሄድበት ጠፍቶት ይቀመጣል። ሣር ይበቅልበታል። ሰዎቹ ጀርባው ላይ ሩዝ ይዘራሉ። ያልቃል።» ላፕቶፑን ነካ አደረገችው። «ይህ ዕቃ ፊልሙ የቆመበትን ቦታ አይረሳም። አርብ የቆመው አሮጊቷ ገመዱን እንደያዘች ነው። ፍላሹ አርብ ቀትር ጓንጉል እጅ ገባ፤ ከሞተ በኋላ እኔ ጋ ነው። መምህር፣ አንቱ ለዓመታት የተሳሳተውን ተርከው ትናንት ግማሹን ያረሙት፣ ያን ግማሽ ከዚህ ክፍል ካልሆነ ከየት አምጥተው ነው?»

መምህር ይርጋ ፎጣቸውን ፈትተው ጭናቸው ላይ አጠፉት። ሲናገሩ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩ ነበር፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

«አይቼው አላውቅም። ተማሪ ሳለሁ በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ነው ያየሁት። አንድ ቅዳሜ ‹አይቼዋለሁ› አልኳችሁ፤ ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ። ከዚያ መመለስ አቃተኝ። አርብ መጥቼ ‹ተበላሸ በላቸው› ብዬ ለመንኩት። ‹አይዞዎት ጋሼ፣ ቀድመው ይዩትና ያስተካክሉታል› ብሎ ለእኔ ሲል ሕጉን ጣሰ። መሃል ላይ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ‹ጋሼ፣ እሳተ ገሞራው የት ገባ?› አለኝ። ገፋሁት። ከዚያ ሁሉን እንደ ወደቀ ሰው አደረግሁት። ስወጣ ገና እያ...»

«ይብቃ!» አለች ፈንታነሽ።

ሕሊና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደጀን ግን መሬት መሬት እያየ «እኛ እኮ ባያዩትም እንወድዎ ነበር» አለ።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች ፈንታነሽ። «ያንኑ የድሮውን ቢተርኩልኝ ማንም አይደርስብዎትም ነበር። ለምን አረሙት?»

«ፊልሙ እናንተ እጅ ገባ። ስታዩት ውሸታም ትሉኛላችሁ ብዬ።»

«ነፍሰ ገዳይ ከመባል እሱ ባሰ?»

መምህር ይርጋ ፎጣቸውን አንስተው ቆሙ። ፖሊሶቹ ክንዳቸውን ይዘው አስወጧቸው፤ ደጁ ላይ የነበሩት ዘመዶች ሳይሰድቡም ሳይመቱም መንገድ ለቀቁላቸው።

አለምወርቅ ብድግ ብላ ይቅርታ ልትለምን ወደ ወርቅነሽ ሄደች። ወርቅነሽ ግን አላየቻትም። ፈንታነሽን ነበር የምታየው።

«‹ገና እያ› ያሉት ምን ሊሉ ነው?»

ፈንታነሽ ለመዋሸት አሰበች። ሴትዮዋ ግን ከአርብ ጀምሮ ይህን አንድ ጥያቄ ተሸክማ እንደቆመች አሁን ገባት፤ አዘነችላትም፤ በውሸት ልትሸኛት ደግሞ አልቻለችም።

«ወዲያው አልሞተም፣ ወርቅነሽ። ጥቂት ጊዜ ነፍስ ነበረበት።»

«ድምፁ ሲቆም በሩን ብከፍተው ኖሮስ?»

«ይተርፍ ነበር ወይ ብለሽ ከሆነ፣ ሐኪሙም አያውቅም። ሲያቃስት ሰምቶ በሩን ዘግቶበት የሄደው ግን አንቺ አይደለሽም።»

ወርቅነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣችው ድምፅ ትንሽ ነበረች፤ ሁለተኛው ግን ደጁ ድረስ ተሰማ፤ ከዚያ ማቆሚያ አጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ መጣ። ፊቷን ልትነጭ እጇን ስታነሳ አለምወርቅ ተወርውራ ያዘቻት፤ ደረቷ ላይ አስጠግታ ለመነቻት።

«በቃሽ እህቴ፣ በቃሽ! ስለ እመቤታችን፣ አታልቅሺ!»

ወርቅነሽ ግን አልሰማቻትም።