የነጯ ጋይሮኮፕተር ሚዛን

ሟቹ ቀበቶው እንደታሰረ ነው። ነጯ ጋይሮኮፕተር በአፍንጫዋ መሬት ገብታ፣ ጭራዋን ሰቅላ ከመንደርደሪያው ዳር ቆማለች፤ እሱም ከፊት ወንበሩ ሳይላቀቅ መሪውን ዱላ በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ ሆዱ ድረስ ስቦታል። መርማሪዋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን እጆቹን ነበር።

«እስከ መጨረሻው አፍንጫዋን ቀና ሊያደርግ ታግሏል» አለች።

በሜዳው ላይ የቀሩት አራት ሰዎች የሚያለቅሱበት ጉልበት እንኳ አልነበራቸውም፤ ደንዝዘዋል።

መርማሪዋ አጭር፣ መነጽሯ ወፍራም፣ ለሚያያት የትምህርት ቤት ጸሐፊ የምትመስል ሴት ናት። በዚህ የተሸወዱ ብዙ ናቸው፤ እስር ቤት ቁጭ ብለው ያስቡታል። ጎንበስ ብላ ከተሰነጠቀው አፍንጫ ስር ከተበተነው ነገር አንዱን አነሳች። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ እርሳስ ነው፤ ድንጋይ ያክላል፣ ከድንጋይ ግን ይከብዳል። በራሪ ነገር ውስጥ እርሳስ ምን ይሠራል? ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ ደግሞ አንዲት ካቻቢቴ ወጣች። በትንሽ ከረጢት ጠቅልላ ያዘቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች የየራሳቸውን ጋይሮኮፕተር ሠርተዋል፤ ታላቅየው ቀይዋን፣ ታናሽየው ነጯን። ጋይሮኮፕተር ሄሊኮፕተር ትመስላለች እንጂ አይደለችም፤ ከኋላ ያለው ሞተር ይገፋታል፣ ከላይ ያለውን ክንፍ የሚያሽከረክረው ግን ንፋስ ነው። ሁለት ወንበር አላት፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ አንዷን ለማስተማሪያ ሊመርጥ ዛሬ ያወዳድራቸው ነበር። ሟቹ ታላቅየው ነው፤ ሰው ሁሉ «ጎሹ» ይለዋል፤ ሰውነቱን ያየ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ታናሽየው «ስንጥር» ነው፤ እሱም አያስጠይቅም።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው፣ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። «ማሽኗ የታናሽየው አይደለች? ሲጨቃጨቁም ነው የከረሙት። ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሽው ነይ!»

የወንድማማቾቹ እናት ከፕላስቲክ ወንበሯ ቀና አለች። «ሁለቱንም በአንድ ቀን?» አለች፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው በተረጋጋ ድምፅ። ያ መረጋጋት ያስፈራ ነበር።

«ትንሽ ታገሡኝ፣ እማማ» አለቻት መርማሪዋ፤ ስልኳንም ዘጋች።

መጀመሪያ ውድድሩን የመራውን አሰልጣኝ ወደ ጎን ወሰደችው።

«ክብደት እኩል ካልሆነ ማወዳደር የሚባል ነገር የለም» አለ። «ጎሹ ከባድ ነው፣ ስንጥር ቀላል። ስለዚህ ስንጥር በበረረ ቁጥር ልዩነቱን የሚሞላ የአሸዋ ከረጢት ከኋላው ወንበር ላይ እናስራለን። እሱ በሄደበት ከረጢቱም ይሄዳል።»

«ነጯን ማን ሊያበርር ነበር?»

«ስንጥር ነዋ! የመጀመሪያውን በረራ እሱ ነው የበረረባት። ቀይዋ ጥላው ወጣች። ልዩነቱ ሲበዛብኝ፣ ማሽኗ ናት ወይስ አብራሪው ብዬ ተቀያየሩ አልኳቸው።»

«እንደሚቀያየሩ አስቀድሞ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። እኔም እዚያው ነው የመጣልኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ጎሹ ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹ከረጢቱን ከኋላዬ ተውልኝ፣ ብቻዬን እፈራለሁ› አለ። ‹አንተ ራስህ ሁለት ከረጢት ነህ› አልኩት። ሁላችንም ሳቅን። ‹የምሬን ነው› አለ ደግሞ። ደንቡ አይፈቅድም ብዬ ከረጢቱን ከስንጥር ጋር ወደ ቀይዋ አዛወርኩት።»

መርማሪዋ ይህን ቀልድ ሰምታ አልሳቀችም።

የሟቹ ሚስት የማሽኖቹ ማደሪያ በሆነው ሃንጋር በር ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል። «እንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም» አለች ሳትጠየቅ። መርማሪዋ አንዱን እርሳስ ጉልበቷ አጠገብ አስቀመጠችላት። ዙሪያው እንደ ቀሚስ ጫፍ የተሸበሸበ ነው።

«ይህን ቅርጽ ያውቁታል?»

«የኬክ መጋገሪያዬ ነው! ስፈልገው ሰነበትኩ። ባሌን ብጠይቀው ‹እኔ ኬክ እጋግራለሁ እንዴ› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ቤታችሁ ማን ይገባል?»

«ማን ይገባል? እኛው ነን። ስንጥርም ምሳውን እኛ ጋ ነው የሚበላው፣ ቁልፍ አለው።» ያለችው ሲገባት አፏን ያዘች። «እሱ ነው አላልኩም! እኔ እሱ ነው አልወጣኝም!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ስንጥር እጁ በግራሶ ጠቁሮ ቀይዋ አጠገብ ቆሟል።

«የነጯን የፊት ወለል ክዳን ማን ይከፍተዋል?»

«እኔ። ወንድሜ ጋሼም ሲያግዘኝ ይከፍታል። በካቻቢቴ ነው የሚፈታው፣ ቀላል ነው።»

«ትጣሉ ነበር አሉ።»

«በየቀኑ። ወንድማማች አይደለን?»

«በመጀመሪያው በረራ ነጯ እንዴት ነበረች?»

«ደክማለች። ትናንት ብድግ ስትል የነበረች፣ ዛሬ ተጎትታ ነው የወጣችው። ሞተሩን ጠረጠርኩ።»

«ጎሹ ሲገባባትስ?»

«ቀበቶውን አሰርኩለት። ውሃ አምጣልኝ አለኝ፤ በእጄ የያዝኩትን ሰጠሁት። ‹የቀዘቀዘ ነው የምፈልገው፣ ቢሮ ሂድና አምጣልኝ› አለኝ። ‹ጋሼ፣ አሰልጣኙ እየጠበቀን ነው፣ ይህንኑ ጠጣ› አልኩት። አልጠጣም። እኔ ደግሞ ጥዬው አልሄድም፤ ጠባይዋን አያውቅማ! አንድ ባንድ ሳስረዳው ቆየሁ።»

መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ሃንጋሩ ውስጥ ሰበሰበች። እናቲቱን ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ሌሎቹ ቆሙ።

«እርሳሱ ከፊት ወለሉ ክዳን ስር የገባው ከመጀመሪያው በረራ በፊት ነው» ብላ ጀመረች። «ነጯ ዛሬ ጠዋት የደከመችው ለዚያ ነው። ያን ጊዜ የሚበርርባት ስንጥር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መቀያየሩን ግን ማንም አላለመውም። ስለዚህ እርሳሱን ያስገባ ሰው ጎሹ ይበርርባታል ብሎ አላሰበም። የፈለገው ነጯ እንድትሸነፍ ብቻ ነው። ስንጥር የገዛ ማሽኑን አያስሸንፍም።»

«ታዲያ ስንጥር ለምን አልወደቀም?» አለ አሰልጣኙ።

«ለዚያ መልሱ እርስዎ ጋ ነው። እርሳሱ ከፊት፣ ከረጢቱ ከኋላ፤ ሚዛኗን ጠብቃ እየተንፏቀቀች በረረች። ሲቀያየሩ ከረጢቱ ወጣ፤ ከፊት ከባድ ሰው ተቀመጠ፤ እርሳሱ እዚያው አለ። ሞተሩ ሲገፋት ችላ ሄደች። ሊያርፍ ሞተሩን ሲቀንስ ግን አፍንጫዋ ወደቀ። ዱላውን እስከ ሆዱ ሳበ፤ ከዚያ በላይ የሚሳብ አልነበረውም።»

አሰልጣኙ ግድግዳውን ተደገፈ። «ደንብ፣ ደንብ ብዬ እኔ ገደልኩት።»

«እርስዎንም ጠርጥሬ ነበር። እርሳሱ ግን የተቀረጸው በሟቹ ቤት ዕቃ ነው፣ እርስዎ እዚያ ቤት አይገቡም። ደግሞም እርሳሱ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ራሱን አጋልጧል። ከፊት እንደከበደች ያላወቀ ሰው ከኋላ አሸዋ ይተውልኝ ብሎ አይለምንም። በእጁ ውሃ ይዞ ሌላ ውሃ የሚል ሰው የተጠማ ሰው አይደለም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ለአፍታ እንዲሄድለት የፈለገ ነው። ካቻቢቴው ጎሹ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እርሳሱን ያስገባው ራሱ ነው።»

ስንጥር ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ብሄድለት ኖሮ ያወጣው ነበር» አለ። «ውሃውን ላመጣ ብሄድ ኖሮ...»

«ሊገድልህ አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «ሊበልጥህ ነበር።»

«ካወቀ ለምን ገባባት?» ሚስቲቱ ጮኸች። «አንድ ቃል አይደለም እንዴ? ‹እርሳስ አለባት› ማለት ምን ነበረበት?»

የመለሰችው እናቲቱ ናት።

«አፍሮ ነው። ተቀያየሩ ሲባል ዞሮ አየኝ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖ ዕቃ ሰብሮ፣ ነገሩ ሳይታወቅበት በፊት የሚያሳየኝ ፊት ነው። እንዳልሰማ ሆኜ ዞርኩ። በሰው ፊት ምን ልበለው ብዬ።»

ስንጥር ከተቀመጠበት ሳይነሳ ተናገረ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት ብለው ይጻፉ። ጋሼ ሞቷል። ‹ወንድሙን ሊያታልል ሲል ሞተ› ከሚባል እኔ ልታሰር። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ?»

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። ሚስቲቱም ዝም አለች፤ ዝምታዋ ውስጥ «እሺ» ያለ ይመስል ነበር። የባሏ ስም የልጆቿም ስም ነውና ማን ይፈርድባታል።

እናቲቱ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች።

«ዝም በል!» አለችው። «‹ሰው ምን ይላል› እያልኩ ያሳደግኳችሁ እኔ ነኝ። ይሉኝታ አንዱን በላብኝ። አንተን አልሰጠውም፤ ሰው ያሻውን ይበል!» ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ጻፊ፣ ልጄ። እርሳሱን ያስገባው ትልቁ ልጄ ነው፣ የመሰከረችው እናቱ ናት በይ። የት ጋ ነው የምፈርመው?»