የተከበበችው ቃል

አራሚው እሑድ ጠዋት በማተሚያ ቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ የራሱ ቁልፍ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ከእሱ ጋር የነበረው ሰው ቆልፎ ሄዷል ማለት ነው። ከእሱ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ሚስቱ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የሆነው ታላቅ ወንድሙና ታይፒስቱ።

ሟቹ በሥራ ሰዓት የሰው ፊደል ያርማል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ በስልኩ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሰው ጠባይ ያርማል፣ በቀልድ። አንዴ የቀለደበት ሰው ወር ሙሉ ቀና ብሎ አይሄድም። በኋላ «እውነቱ» የሚባል ስሙን የደበቀ ሰው ተነሣበትና «በማተሚያ ቤቱ የሚታተመውን ፈተና እየሰረቀ ይሸጣል» አለው። ማስረጃ አልነበረም፤ የሚስቅ ግን ሞልቶ ነበር።

መርማሪዋ የ«እውነቱ»ን ስድቦች በወረቀት ታትመው በሟቹ ጠረጴዛ ላይ አገኘቻቸው። በቀይ እስክሪብቶ የተከበበችው አንዲት ቃል ብቻ ናት። «አንተ ሌባ! ፈተና ሸጠህ ቤት ሠራህ! በሰው ሲስቁ ትንሽ አያፍሩም?» ይላል። የተከበበችው «አያፍሩም» ስትሆን፣ ፊደሏ አንድም አልተሳሳተም።

ሚስቱ «ቅዳሜ ሲወጣ ‹ካፖርትህን ልበስ› አልኩት፤ ዞር ብሎም አላየኝ» አለች። «ሌባ መባሉ አንጀቱን አሳርሮት ነበር፣ እህቴ።»

ወንድሙ «‹ምላስህ አንድ ቀን ይጥልሃል› ብዬው ነበር፤ መቼ ሰማኝ!» አለ።

ታይፒስቱ «እኔ ከሐሙስ ወዲህ አላየኋቸውም» አለ። «‹ጋሼ፣ ደክሞዎታል፣ ይረፉ› ብያቸው ወጣሁ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ማሽኖቹ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሚስቱ አንተ ትለዋለች፣ ወንድሙም አንተ። ‹እውነቱ›ም ሦስት ወር ሙሉ አንተ ሲለው ኖሮ፣ አንድ ቀን ተናድዶ ሲጽፍ እጁ የለመደውን ጻፈ። አራሚው ቃሏን የከበባት ተሳስታ አይደለም፤ ሰውዬውን አግኝቶባት ነው። ከእናንተ አንቱ የሚለው ማነው?»

ታይፒስቱ ጣቶቹን አየ።

«እሳቸው ስለኔ የጻፉትን አንብበዋል? ‹ከዚህ ልጅ አፍ እውነት የሚወጣው በፊደል ስህተት ብቻ ነው።› የእጮኛዬ አባትም አነበቡት፤ ሠርጉ ቀረ። ለማን ሄጄ ልማል? ቅዳሜ ሲጠሩኝ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ‹ስትሰድበኝ እንኳ ታከብረኛለህ!› ብለው ደረጃው ላይ ቆመው ሳቁብኝ። የገፋኋቸው ሳቁን እንዲተዉት ብቻ ነው።»

«ፈተናውስ?»

«እኔ የፈጠርኩት ነው። እሳቸው ሌባ አይደሉም።»

ፖሊሶች ልጁን ይዘውት ከሄዱ በኋላ ሚስቲቱ የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «ለባሌ ከዚህ በኋላ ምንም አይደረግለትም። ‹አልሰረቀም› ብለሽ እዚያው ስሙ በጠፋበት ገጽ ጻፊልኝ፣ ሌላ አልለምንሽም።»

መርማሪዋ ማዕረጓንና ሙሉ ስሟን አስቀድማ ጻፈችው። ከወንበሯ ሳትነሣ መልስ መጣ፦ «አንቺስ ከፈተናው ስንት ደረሰሽ?» ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው ስቋል።

«ምን አሉ?» አለች ሚስቲቱ።

መርማሪዋ ስልኳን በፊቱ ደፋችው።

«ገና አላነበቡትም።»