በድፍርስ ውኃ የተጣለ ላባ

የፊሊጶስ አስከሬን ዲንሾ አጠገብ፣ ወይብ ወንዝ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ላይ ተይዞ ተገኘ። ከበላዩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ መሬት ላይ ተተክሎ፣ ክሩ ውኃው ውስጥ ገብቷል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ወንዙ ጭቃ ተሸክሞ ይጮኻል። ኢንስፔክተር እኅተማርያም ከጎባ እስክትደርስ መኪናዋን ደጋግሞ ጭቃ ስለያዘው፣ ስትወርድ ማንንም ሰላም አላለችም።

ይባስ ብሎ አለቃዋ ነገሩን በስልክ ጨርሶታል፤ ሰውየው ሲያጠምድ ወድቋል፣ በዚህ ክረምት ወንዝ ያወረደው መንገድ መሪው ማሜ ይታሰር። ሽማግሌው ማሜ ደግሞ ከታሰረ ቤቱን የሚያኖር ሌላ ሰው የለውም።

«ወላሂ እኔ አላወረድኩትም። ጠዋት ፈረሶቼን ፍለጋ ወጥቼ ነበር» አላት።

«ማን አየዎት?»

«ከፈረሶቹ በቀር ማንም።»

እኅተማርያም በረጅሙ ተነፈሰች። እንዲህ ያለ ምስክር ይዛ አለቃዋ ፊት ልትቀርብ ነው።

ከሟች ጋር ወንዙ አጠገብ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ያደሩት ማሜ፣ የሟች እህት ሐመልማልና የጉዞ ድርጅት ያለው ደምመላሽ ናቸው። ፊሊጶስ የአጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር፤ እሱ ሳይፈቅድ እዚያ ወንዝ መንጠቆ አይጣልም። ደምመላሽ ዓሣ ሊያጠምዱ የሚመጡ እንግዶችን ለነሐሴ ጠርቷል፤ ፊሊጶስ ግን ታኅሣሥ ውኃው ሲጠራ ይምጡ ብሎ እምቢ ብሏል። ጠቡን ማንም አልደበቀም። ደምመላሽ ብቻ፣ ፊሊጶስ በመጨረሻ እሺ ብሎ ራሱ ሊሞክረው እንደ ወረደ ተናገረ።

ኢንስፔክተሯ ክሩን ጎትታ አወጣችው። መንጠቆው ላይ ቀይ ላባ ታስሯል። ሦስቱንም ለየብቻ ጠርታ፣ ዛሬ አጥምዱ ቢባሉ መንጠቆው ላይ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀቻቸው። ማሜ ትል አላት። ሐመልማል እያለቀሰች ትል አለች። ደምመላሽ ግን በየዓመቱ ለጥምቀት ሲመጣ ትራውት የተባለውን ዓሣ የሚይዘው በላባ መሆኑን በኩራት አስረዳት።

ከዚያ በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ላባ የሚሠራው ዓሣው ሲያየው ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰላችቷል። «በበጋ ያየዋል። ዛሬ ግን እጄን ውኃው ውስጥ ብከት ጣቴን ማየት አቃተኝ። በዚህ ድፍርስ ዓሣ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው፤ ስለዚህ ትል ያስፈልጋል። ፊሊጶስ ይህን ያውቃል፤ ዘንጉን የተከለው እሱ አይደለም። ሌላ ሰው ነው፣ ያጠምድ ነበር እንድንል። ማሜ ወይም ሐመልማል ቢሆኑ ትል ባደረጉ። ወንዙን በጥር ብቻ የሚያውቀው አንተ ነህ ደምመላሽ።»

ደምመላሽ ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ።

«እንግዶቹ አዲስ አበባ ገብተዋል» አለ ቀስ ብሎ። «ለመንኩት። ወንዙ ሰው ይወስድብናል ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። በንዴት ገፋሁት፤ ይሞታል አላልኩም።»

ማሜ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀና ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ሐመልማል ግን ተነሥታ ደምመላሽ ፊት ቆመች።

«እስከ ታኅሣሥ ታገሥ ነው ያለህ» አለችው። «ሌላ ምን አደረገህ?»